ከመንዝ ውርጭ እስከ ካፋ ጭጋግ፦ የዘር አውራ ፍለጋ ዘጠኝ ቀን

ጥር 14 ቀን 2012፣ ደብረ ብርሃን

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ ስለ መንገዱ ብዙ የሚነገር የለም። ሸኖን ካለፉ በኋላ ግን የመንገዱ ዳር በበግ ነጂ ይሞላል። ጥምቀት ካለፈ ገና ሦስት ቀኑ ስለነበር ከገበያ የተረፈው ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር፤ አብዛኛው ያረጀች እናት በግና ከሲታ ጠቦት ነው። መልከ መልካሞቹ ከገና በፊት አዲስ አበባ ገብተው አልቀዋል።

አዲስ አበባ ለበዓል በግ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ላቱን ይጨብጣል፣ ቀጥሎ ወገቡን ይዳብሳል፣ ከዚያ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ያ እጅ ሳያውቀው የሚመርጠው ለዘር መቅረት የነበረበትን ነው። ቶሎ ያደገ ጠቦት ቶሎ ገበያ ይደርሳል፣ ቶሎ ይታረዳል። መንጋው ውስጥ ቀርቶ እናቶቹን የሚያጠቃው ገዢ ያልፈለገው ዘገምተኛ ነው። ይህ ሃያ ሠላሳ ዓመት ሲደጋገም የበጉ ቁጥር ሳይቀንስ ዘሩ ያንሳል። ጉዞው የታሰበው ያንን እጅ ቀድመው አውራውን የሚያስቀሩ ገበሬዎች እንዴት እንደሚሠሩ ለማየትና ለሁለት መንደሮች መዝገብ ለማገዝ ነው።

መኪናው ላይ የተጫነው ይህ ነው፦ እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛን ከነሸራው፣ 300 የጆሮ ቁጥር፣ ሁለት መውጊያ ፕላየር፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አዮዲን፣ አልኮል የተሞሉ ትናንሽ ብልቃጦች፣ የመዝገብ ደብተርና አንድ ደርዘን እርሳስ። እርሳሱ ቀልድ አይደለም። ብልቃጥ ላይ በስክሪፕቶ የተጻፈ ቁጥር አልኮል ሲነካው ይጠፋል፤ ቁጥሩ የጠፋ ናሙና ደግሞ ከመጣል በቀር ምንም አያደርጉትም።

ማታ ምግብ ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ የዝርያ ቆጠራ ሆነ። የኢትዮጵያ በግ በየአካባቢው ስም 14 ዓይነት ሆኖ ይጠራል። የእንስሳት ዘር ተመራማሪው ሰሎሞን ግዛው መልካቸውንና ደማቸውን መርምሮ በ9 ዝርያና በ6 ምድብ አስቀመጣቸው፦ አጭር ላት ያላቸው የደጋ በጎች፣ ዋሸራ፣ ቀጭን ጅራት ያለው ጉሙዝ፣ ረጅም ላት ያላቸው እነ ሆሮና አርሲ፣ ቦንጋ፣ እንዲሁም ቂጣቸው ላይ ስብ የሚያከማቹት አፋርና ጥቁር ራስ ሶማሌ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የጥበቃ ቅደም ተከተል ጥናት ከ14ቱ ስምንቱ ስጋት ላይ ናቸው ተብሏል። ለጠቅላላው ብዝኃነት ትልቁን ድርሻ የያዘው የሰሜን ተራሮች በግ ነው፤ ትልቅ፣ ጠጉረ ብዙ፣ ሴቷ ሳትቀር በአብዛኛው አጭር ቀንድ የምታወጣ። ወደዚያ መድረስ ለሌላ ጉዞ ቀረ።

አልጋ 200 ብር። ብርድ ልብስ ሁለት ተሰጠ፣ ሦስተኛ ተጠየቀ፣ መጣ።

ጥር 15፣ ጣርማ በር፣ ጓሳ፣ መሃል ሜዳ

ጣርማ በር ላይ አስፋልቱን ትቶ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው መንገድ ጠጠር ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን የኋላ ግራ ጎማ ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማው ደግሞ አየሩ ጎድሎ ተገኘ። ወደ መሃል ሜዳ የሚወጣ አይሱዙ ሾፌር ፓምፑን አውጥቶ ነፋልን፤ ገንዘብ ሲዘረጋለት "ኧረ ተዉ፣ መንገድ አይደል!" ብሎ ሄደ።

ሳንሄድ የቆየንበት አርባ ደቂቃ ግን ጥሩ ትምህርት ነበር። ከመንገዱ በላይ አንድ መንጋ እየጋጠ ነበር፤ ሃያ የማይሞላ። እረኛው የአሥር ዓመት ልጅ ይሆናል። በመንጋው ውስጥ አውራ ስንት እንዳለ ሲጠየቅ በጣቱ ሦስት ጠቦት አሳየ፤ ሦስቱም ገና ወተት ጥርስ ናቸው። ትልቁስ? "ለገና ተሸጠ።" ከዚያ በላይ የሚያስረዳ አልነበረም።

ጓሳ ሲደረስ ሜዳው ሌላ አገር ይመስላል። ቁመቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ የጓሳው ሣር ጉብ ጉብ ብሎ እስከ አድማስ ይዘልቃል። የመንዝ ሰው ይህን ሜዳ ቄሮ በሚባል የጋራ መጠበቂያ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመት ጠብቆታል፤ አባ ቄራ የሚባል የሜዳው አለቃ እየተመረጠ፣ ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ፣ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለክፉ ቀን ግጦሽ ሲደርስ ብቻ እየተከፈተ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈርሶ ነበር፤ ዛሬ በማኅበረሰብ ጥበቃ ተመልሷል። ለበጉ ዘር ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። የመንዝ በግ ትንሽ የሆነው፣ ጠጉር የደረበው፣ በቀጭን ግጦሽ ወተት የማይነጥፍባት እናት የምትገኝበት በዚህ ብርድና በዚህ ሣር ተፈትኖ ነው። ግጦሹ ከጠፋ የሚቀረው በስም ብቻ የመንዝ በግ ነው።

መሃል ሜዳ ማታ ገባን። ያረፍንበት ቤት ባለቤት እማማ ጠላ፣ በሶና የገብስ ቆሎ አቀረቡ። "ብሉ እንጂ ልጆቼ፣ ይኼ ብርድ ባዶ ሆድ አይምርም።" የገብስ እንጀራቸው ከአዲስ አበባው ጤፍ ወፈር ያለ፣ ሆድ የሚይዝ ነው።

ጥር 16፣ መሃል ሜዳ አጠገብ፣ የምርጫ ቀን

በማኅበረሰብ የሚመራው የበግ ማሻሻያ ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2009 በአፋር፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በመንዝ በጎች ላይ ነው፤ ኢካርዳና ኢልሪ የተባሉት ዓለም አቀፍ የግብርናና የእንስሳት ምርምር ተቋማት እንዲሁም የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት ጋር ሆነው። በመንዝ ያለውን የሚከታተለው የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በጉ የገበሬው ሆኖ ይቀራል፣ መንደሩ እንደ አንድ መንጋ ይቆጠራል፣ አውራውን ገበሬዎቹ ራሳቸው ይመርጣሉ።

ሥራው ማልዶ ይጀመራል፤ በጎቹ ሳይሰማሩና ውኃ ሳይጠጡ መመዘን አለባቸው። የጠገበና ያልጠገበ ጠቦት ልዩነት ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ያ ልዩነት ደግሞ አንዱን ካንዱ የሚያስበልጠውን ሁሉ ይውጠዋል። የዚያ ቀን ጠንቅ ግን ሌላ ነበር። ሌሊቱን ውጪ ያደረው ሸራ ውርጭ ጠጥቶ ባዶውን ከግማሽ ኪሎ በላይ ያነብ ነበር፤ ያየነው ሰባት ጠቦት ከተመዘነ በኋላ ነው። ሰባቱም እንደገና ተመዘኑ። ፀሐይ ሲወጣ ሸራው እየደረቀ ስለሚቀል ከዚያ በኋላ በየአሥሩ በግ ባዶውን እየመዘንን ወደ ዜሮ መለስነው። ይህን ያላደረገ ጠዋት የተመዘኑትን ሁሉ ሳያውቅ ይጠቅማል።

መዝገቡ ላይ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የጠቦቱ ቁጥር፣ የእናቱ ቁጥር፣ የአባቱ ቁጥር፣ የተወለደበት ቀን፣ ነጠላ ወይም መንታ መሆኑ፣ በልደት፣ በ3 ወርና በ6 ወር የመዘነው። ጥቂት ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የልደት ቀኑ ነው። ጸሐፊው መንደሩን በሳምንት አንዴ ስለሚዞር "ባለፈው ማክሰኞ ይመስለኛል" የሚል መልስ ይጻፋል። ምን ያህል እንደሚያሳስት በሁለት ጠቦት ይታያል። ሁለቱም ሲወለዱ 2.4 ኪሎ ነበሩ። አንዱ በ84 ቀኑ 9.0 ኪሎ፣ ሌላው በ98 ቀኑ 9.6 ኪሎ መዘነ። በዓይን ሁለተኛው ይበልጣል። ከክብደቱ የልደቱን ቀንሶ፣ ለዕድሜው አካፍሎ፣ በ90 አባዝቶ፣ የልደቱን መልሶ ሲደምሩ ግን የመጀመሪያው 9.5፣ ሁለተኛው 9.0 ይሆናል። ብልጫው ተገለበጠ። በዚያ ላይ መንታ ሆኖ ያደገ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወለደች እናት የተወለደ፣ በድርቅ ወቅት የተወለደ በየራሱ ይታረምለታል።

ቁጥሩ ያለፈውን ደግሞ ኮሚቴው በእጁ ያየዋል። ጠቦቶቹ አንድ ጉረኖ ገብተው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተራ ቁጥር ተጻፈባቸው። አምስት ሽማግሌዎች እየዞሩ መጀመሪያ አፍ ከፈቱ፤ የታችኛው ጥርስ ከላይኛው ድድ ጋር ካልገጠመ ይወጣል፤ ሲግጥ ይቸገራላ። ቀጥሎ ፍሬውን ዳበሱ። ሁለቱም ወርደው እኩል መሆን አለባቸው፤ ጠንካራ ሆነው ግን ያላበጡ፣ ጉብታ የሌላቸው። አንዱ ጠቦት ክብደቱ ከሁሉ የላቀ ነበር፤ አንድ ፍሬ ብቻ ወርዶለት ተገኘና ወጣ። ባለቤቱ ቢከፋቸውም ክርክር አላነሱም። ይህ ጉድለት ወደ ልጅ ይወርዳል። ከዚያ እግር፣ ሰኮና፣ አካሄድ። በመጨረሻ መልክ፦ ቀንዱ ወደ ኋላ ተጠማዞ የሚዞር፣ ላቱ ሰፋ ብሎ ጫፉ የታጠፈ።

ስለ መልክ የሚነሳው ክርክር የሚናቅ አይደለም። ደብረ ብርሃንና አመድ ጓያ ባሉ የበግ ማባዣ ጣቢያዎች ለሱፍና ለሥጋ ሲባል ከውጭ የመጡ አውራዎች ለዓመታት ተዳቅለው ተሰራጭተዋል። ኮሪዴል የመሰሉት ብዙ ገበሬ ያልተቀበላቸው አንዱ ምክንያት ጅራታቸው ቀጭን፣ መልካቸው ባዕድ መሆኑ ነው፤ ላት የሌለው በግ በገበያ ዋጋ የለውም። አዋሲ ላት ስላለው የተሻለ ተቀባይነት አገኘ። ግን ዲቃላ ትልቅ ሰውነቱን የሚያሳየው መኖ ሲኖር ነው። መኖ ባለበት ደጅ ዲቃላ ማርባት ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ያለ መዝገብ ወደ መንደር ሲለቀቅና በሦስተኛው ትውልድ የማን ዘር እንደሆነ የሚያውቅ ሲጠፋ ነው።

ሁለት ጠቦት እኩል ወጡ። አንዱ ኮሚቴ፣ ጠጉራቸው የሸበተ አባት፣ ትንሹን ይዘው አልለቅም አሉ። "ልጄ፣ ሚዛኑ የነገራችሁን ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ እናቱን አውቃታለሁ። በ08ቱ ድርቅ ሜዳው ሲነድ የእሷ ወተት አልነጠፈም።" መዝገቡ ሲገለጥ እውነትም ሁለት ልጆቿ በዚያ ዓመት ተርፈዋል። ትንሹ አለፈ። ተገቢ ነው፤ የ6 ወር ክብደት ብቻ ሲመረጥ ሳይታወቅ የሚጠፋው እንዲህ ያለው ችሎታ ነው።

ምርጫው ላይ ሌላ ገደብ አለ፤ ካንድ አባት ልጆች ከሁለት በላይ አይወሰድም። ያለዚያ ምርጥ የሆነ አንድ አውራ በሁለት ዓመት መንደሩን በልጆቹ ይሞላዋል። ያላለፉት ይኮላሻሉ፣ ወይም ሳይቆዩ ይሸጣሉ። የጠቦት ዘር ከ5 እና ከ6 ወር ጀምሮ ሊያስጸንስ ስለሚችል ውሳኔው አይዘገይም። ቆዳውን ሳይቆርጥ የዘር ገመዱን በሚጨፈልቀው ፕላየር፣ በቡርዲዞ፣ ሲኮላሽ እያንዳንዱ የዘር ገመድ ለብቻው ይያዛል፣ መሣሪያው ላፍታ ተጨብጦ ይቆያል፤ ሁለቱን ባንድ ላይ መጨፍለቅ የቆለጡን ቆዳ ደም አሳጥቶ ያቆስላል።

ጥር 17፣ የመሃል ሜዳ ገበያ

የበጉ ተራ ከእህሉ ተራ በላይ ነው። ነጋዴዎች ጠቦት የሚገዙት አሥር አሥር እያደረጉ ነው፤ የ6 ወር ደህና ወንድ 1,200 ብር ገደማ ይጠራ ነበር፣ የተቀለበ ሙክት ከሦስት ሺህ በላይ። ጥቁሩ ከነጩና ከቀዩ ዝቅ ብሎ ይሸጣል።

ከአንዱ ነጋዴ ገመድ ላይ ቢጫ የጆሮ ቁጥር ታየ። ደብተር ሲገለጥ ትናንት ከተመረጡት ሦስተኛው ነው! ባለቤቱ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ሊመልሱ ብር ቸግሯቸው ማልደው አምጥተውታል። ኮሚቴው የተዘዋዋሪ ገንዘቡን፣ ማለት አውራ ለመግዣ የተቀመጠውን የጋራ ብር፣ ሣጥን ያዥ አስጠራ፤ ነጋዴው መቶ ብር ትርፍ ተጨምሮለት መለሰው። ጠቦቱ አሁን የቡድኑ ነው፤ ባለቤቱም በራሳቸው መንጋ ተራቸውን ይጠቀሙበታል። የዚህ ሥራ ወገብ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ በምርጫው ቀን እጅ ላይ ካልኖረ ምርጫው ለነጋዴ ዝርዝር ማዘጋጀት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ መንደሩ የተስማማው ክፍያው በዚያው በጉረኖው ደጃፍ እንዲፈጸም ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሸማኔ ቤት ገባን። የመንዝ ሱፍ ሻካራ ነው፤ ለሹራብ አይሆንም፣ ለባናና ለዝተት ግን ተወዳዳሪ የለውም። በመቀስ ተሸልቶ፣ ተባዝቶ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ነው ወደ ሸማኔው የሚመጣው። ዝተቱ ጥቁርና ቡናማ የሆነው በማቅለሚያ አይደለም፤ በበጉ በራሱ መልክ ነው። ገበያው ጥቁሩን በግ ሲጠላ ሸማኔው ይፈልገዋል። አንድ ዝተት 1,500 ብር ተጠየቀበት፤ እጅ ላይ ሲመዘን ደብረ ብርሃን ላይ የተሰጡንን ሦስት ብርድ ልብሶች ያህላል። የመልክ ብዝኃነት ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው ይህችን ቤት ማሳየት ይበቃል። ምርጫው ላይ ጥቁር አውራ ጨርሶ እንዳይጠፋ የሚሟገቱት ሽማግሌም የዚሁ ሸማኔ ጎረቤት ናቸው።

ጥር 18 እና 19፣ መንገድ

ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ጅማ። ጎማው ተጠግኗል፤ ሌላ የሚጻፍ የለም።

ጥር 20፣ ከጅማ ወደ ቦንጋ

ከጅማ ቦንጋ ከመቶ ኪሎ ሜትር በጥቂቱ ይበልጣል። መንገዱ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ይወርድና ሙቀቱ ድንገት ይመጣል፤ ወንዙን ተሻግሮ ሲወጣ ደግሞ ጫካና ጭጋግ ይቀበላል። ከአራት ቀን በፊት ውርጭ ከሸራ ላይ ስናራግፍ ነበር፣ እዚህ ጥር ላይ ሣሩ እርጥብ ነው።

በጉም ሌላ ፍጥረት ነው። የቦንጋ በግ ጠጉሩ አጭርና የሚያብረቀርቅ፣ መልኩ በብዛት ቀይ ቡናማ፣ ወንዱም ሴቷም ቀንድ የሌላቸው፣ ላቱ ወፍሮ ረጅም፣ ክብደቱ ወደ መንዙ እጥፍ የሚጠጋ ነው። መንታ መውለድ የተለመደ ነው። ይህን ያየ ሰው "ታዲያ ለምን መንዝ አይወሰድም?" ማለቱ አይቀርም። ተመሳሳይ ሙከራ በሆሮ በግ ደብረ ብርሃን ላይ ተደርጓል፤ የሆሮ ግልገሎች ከመንዞቹ ይልቅ ብዙ ሞቱ። የደጋውን ብርድና የሆድ ትል የሚያውቀው የራሱ በግ ነው። ትልቅነት ያለ አገሩ አይቆምም።

እራት ቆጮ፣ ጎመንና የካፋ ማር። አልጋ 150 ብር፣ ከደብረ ብርሃን ረክሶ የተሻለ ንጹሕ።

ጥር 21፣ አዲዮ ወረዳ

ቦቃና ሹታ የመጀመሪያዎቹ የቦንጋ በግ ማሻሻያ መንደሮች ናቸው። ወደ መንደሩ ሳንደርስ ያልተጠበቀ ዝናብ ጣለና መኪናው ከአንድ የእንሰት አጥር ሥር ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። የእንሰት ግንድ ልጣጭ ከጎማው ሥር እየተነጠፈ በስምንት ሰው ግፊት ወጣ። የቤቱ አባት፣ ጋሼ እያሉ የሚጠሯቸው፣ እጃችንን እንኳ ሳንታጠብ ቡና አስፈሉ። ንግግሩ በካፊኛ ነው፤ የመንደሩ ጸሐፊ የሆነው ልጅ ያስተረጉማል።

እዚህ የለፋንበት የዝምድና መራባትን ማስቀረት ነው። መንደሩ በየሃያ ሠላሳ እናት በግ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አውራ ይሰጠዋል። ጋሼ "የእኛ አውራ ጥሩ ነው፣ ለምን ይወሰድብናል?" አሉ። መልሱ ከስኒው አጠገብ በቡና ፍሬ ተቆጠረ። አንድ አውራና 25 እናት ለብቻቸው ቢቀሩ፣ ቁጥራቸው 26 ይሁን እንጂ ለዘር ስፋት የሚቆጠሩት እንደ 4 በግ ብቻ ነው። ስሌቱ፦ 4 ሲባዛ በወንዱ ቁጥር፣ ሲባዛ በሴቷ ቁጥር፣ ሲካፈል ለሁለቱ ድምር። በአንድ ትውልድ ውስጥ የዝምድናው ጭማሪ 13 በመቶ ይደርሳል። 10 አውራና 250 እናት አንድ ላይ ቢሠሩ ስሌቱ 38 ይሰጣል፣ ጭማሪው 1.3 በመቶ። 13 አውራና 325 እናት ሲሆኑ ልክ 50 ይመጣል፣ ጭማሪው 1 በመቶ፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ከዚህ በታች አትውረዱ የሚለው መስመር ይህ ነው። ስለዚህ 13 ቡድን አውራውን እየተቀያየረ ካልሠራ እያንዳንዱ ቡድን በራሱ አጥር ውስጥ ይጠባል። ጋሼ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየገፉ ሁለት ጊዜ ቆጠሩና "እንግዲህ ልጁ ለእህቱ ከመድረሱ በፊት መሄዱ ነው" አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከእኛም አልተገኘም።

ልውውጡ በክብ ነው፤ የአንደኛው ቡድን ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ የመጨረሻው ወደ አንደኛው። ሴት ልጆቹ ለመጠቃት ከመድረሳቸው በፊት አባታቸው መሄድ አለበት፤ አንድ ዓመት በቂ ነው። ብዙ የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንዱ፣ አውራው ወፍሮ ስለሚያምር ቡድኑ "ትንሽ ይቆይልን" ይላል። ሁለተኛው፣ በጋራ ግጦሽ ላይ ያልተኮላሸ የጎረቤት ጠቦት ቀድሞ ያጠቃል፤ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው አባት ያኔ ውሸት ነው። ልጁ ሲወለድ 150 ቀን ወደ ኋላ ቆጥሮ በዚያ ሳምንት አውራው በእርግጥ የት እንደነበር መጠየቅ ግማሹን ስህተት ይይዛል። ሦስተኛው በቦንጋ የሚበዛ ነው፦ መንታ። ሁለት እናት በግ ባንድ ሌሊት ባንድ ቤት ሲወልዱ አንዷ የሌላዋን ግልገል ትቀማለች። ጠዋት ሦስት ይዛ የተገኘች እናት ካለች መጀመሪያ የሌላዋን ኋላ ማየት ነው፤ ደም ያለባትና ጡቷ የሞላ ሆና ግልገል ከሌላት እሷ ተዘርፋለች።

የጆሮ ቁጥሩም የራሱ ጥበብ አለው። ጆሮው ከሥሩ ሲለካ መካከሉ ላይ፣ በሁለቱ የለስላሳ አጥንት ሽንተረር መሃል፣ የደም ሥሩን በፀሐይ አሳይቶ ሸሽቶ ይወጋል። ጫፍ ላይ የተወጋ በቁጥቋጦ ይቀደዳል፤ ሥሩ ላይ የተወጋ ያብጣል። ፕላየሩና ቁጥሩ አዮዲን ይነከራሉ፣ ቁስሉ በሳምንቱ ይታያል፤ ዝንብ በሚበዛበት ክረምት ባይወጋ ይመረጣል። መንዝ ላይ ጆሯቸው ሲፈጠር አጭር የሆኑ በጎች ስላሉ ለእነሱ ቁጥሩ በአንገት ገመድ ይታሰራል።

ያ ሁሉ ልፋት ምን አመጣ ቢባል፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2018 ከተሰበሰበው መዝገብ የተሰላው ይህ ነው፦ ከዘር በመጣ ለውጥ ብቻ የ6 ወር ክብደት በቦንጋ በዓመት 0.21 ኪሎ፣ በሆሮ 0.18፣ በመንዝ 0.11 ጨምሯል። ትንሽ ይመስላል። ግን በየዓመቱ የሚደመር፣ መኖ ሳይጨመርበት የመጣ፣ ከውጭ አንድ አውራ ሳይገባ የተገኘ ነው።

ጥር 22፣ ቦንጋ

ጠዋት የጆሮ ናሙና ተወሰደ። ካንድ ቤት ከአንድ በግ በላይ አይወሰድም፣ ዘመዳሞች መዝገብ ታይቶ ይቀራሉ፤ ካንድ ዝርያ ቢያንስ 25 ያስፈልጋል። የምስር ፍሬ የምታህል ቁራሽ ከጆሮ ጫፍ ተነሥታ ቢያንስ አምስት እጥፏ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ትገባለች፤ በማግስቱ አልኮሉ ይቀየራል፣ አለዚያ ከሥጋው የወጣው ውኃ አቅጥኖት ናሙናው ይበሰብሳል። ከዚህች ቁራሽ ከ50 ሺህ በላይ ነጥቦችን የሚያነብ ምርመራ ይሠራል። ምርመራው ዝርያው የት እንደጠበበ ይናገራል እንጂ አያሰፋውም።

የአውራ ዘር አቀዝቅዞ ማስቀመጥስ? ይቻላል፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ለዘመናት ይቆያል። ችግሩ ሲመለስ ነው። የበግ የማኅፀን አንገት እጥፋት ስለሚበዛበት በላም እንደሚደረገው ቧንቧ አያሳልፍም፤ የቀዘቀዘ ዘር በደንብ የሚያስጸንሰው በትንሽ ቀዶ ጥገና በካሜራ እየታየ ማኅፀን ውስጥ ሲገባ ነው። በአዲዮ መንደር ያ የለም። ትኩስ ዘር ቀጥኖ በሰዓታት ውስጥ ቢሰጥ ይሠራል፣ ያም ሴቶቹን ባንድ ቀን የሚያዘጋጅ መርፌ ይፈልጋል። ማቀዝቀዣው ለመጠባበቂያ ይኑር፤ ዛሬ ዘሩን የያዘው ግን በየጓሮው የሚጋጠው በግ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ዞን የሚሄዱ 12 አውራዎች ተጫኑ። የመንደሩ በግ አርቢዎች ማኅበር የሚሸጠው ራሱ የማያስፈልገውን ትርፍ ነው፤ በምርጫው ከቀደሙት መካከል ለመንደሩ የሚበቃው ከቀረ በኋላ። እያንዳንዱ የእናትና የአባት ቁጥር፣ የልደት ቀን፣ የ6 ወር ክብደት የተጻፈበት ወረቀት አለው። ጸሐፊው ልጅ መኪናው ላይ ወጥቶ ጆሮና ወረቀት እያስተያየ ወረደ። አሥራ አንዱ ገጠሙ። አሥራ ሁለተኛው ከሁሉ የሚያምረው ነበር፤ ደረቱ ሰፊ፣ ላቱ እስከ ቋንጃው። ጆሮው ላይ ግን ቁጥሩ የነበረበት ቀዳዳ ብቻ አለ። ገዢው "ይኸው ይሄ ነው፣ እያየነው!" ቢልም ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና አውራውን በሁለት ሰው አስወርዶ ወደ ጉረኖው መለሰው። መኪናው አሥራ አንድ ጭኖ ወጣ።